ለሁለት ወንድ ልጆች ያሠራነው ተደራራቢ አልጋ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ የ8 ዓመት ልጄን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ድሬዳዋ ስመጣ፣ ባለቤቴ ከቀድሞ ትዳሩ የወለደው የ12 ዓመት ልጅ ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው አንዱን መኝታ ክፍል ለብቻው ይዞት ነበር። ቤቱ ያለው መኝታ ክፍል ሁለት ብቻ በመሆኑ ልጆቹ አብረው ማደር ነበረባቸው፤ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ብናስገባ ደግሞ ለማጥኛ ጠረጴዛው ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ተደራራቢ አልጋ ለማሠራት ወሰንን። እንደ እኛ ሁለት ቤት አንድ ያደረገ ሰው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ፣ 10 ወር ከተጠቀምንበት በኋላ ስለ አልጋው የታዘብኩትን እጽፋለሁ።

አልጋውን ያሠራነው በከተማዋ ካሉት ብረታ ብረት ቤቶች በአንዱ ነው። ዋጋው ያለ ፍራሽ 19,000 ብር ሲሆን፣ ግማሹን ቀብድ ከፍለን በ10 ቀን እንዲያደርሱልን ብንስማማም የደረሰልን በ23ኛው ቀን ነው። ሌላ ዕቃ ቢሆን ኖሮ መዘግየቱ ይህን ያህል አያስመርረኝም ነበር። እነዚያን 23 ሌሊቶች ግን ልጄ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ሲያድር፣ ትልቁ ልጅ ከገዛ አልጋው ላይ ቁልቁል ያየው ስለነበር፣ ማን የቤቱ ልጅ ማን እንግዳ እንደሆነ በየማታው የሚነገር ያህል ነበር። "ነገ ይደርሳል" በተባልን ቁጥር ያንኑ ለሁለቱም እየነገርኩ የዋሸሁት እኔ ሆንኩ።

ሥራው በጥቅሉ ጠንካራ ነው። ቋሚዎቹ ወፍራም ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ናቸው፤ ብየዳው በወግ ተሞርዷል፤ ከቀለሙም በፊት ዝገት የሚከላከል አንቲረስት ተቀብቷል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ባለሙያው ራሱ ያመጣውን ሐሳብ ነው። በዕድሜ የሚበልጠውን ባለቤቴን እንደ ድሬ ልማድ "አንተ፣ ልጆቹ ባይስማሙ ምን ልታደርግ ነው?" ብሎ ጠየቀውና፣ የላይኛው አልጋ ከታችኛው ጋር በአራት ቡሎን ብቻ ተያይዞ ሲያስፈልግ ለብቻው እንዲቆም፣ 1,500 ብር ጨምረን እግር እንድናስቀጥልለት መከረን። (የአነጋገሩ ነገር ከተነሣ፣ ልጄ እስከ ዛሬ ባለቤቴን "ጋሼ" እና "እርስዎ" ይለዋል፤ የባለቤቴ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔን "አንቺ" ነው የሚለኝ። ንቀት መስሎኝ ስንት ቀን ከፍቶኝ ነበር፤ አያቱንም እንደዚሁ "አንቺ" ሲላት እስክሰማ ድረስ።)

ጉድለቶቹ ከልኬት የመጡ ናቸው። ከላይኛው አልጋ እንዳይወደቅ የሚከላከለው ብረት ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 13 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ሲገባው፣ የእኛ የተለካው ፍራሹ ሳይታሰብ ነበር። ከመኝታው ጣውላ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለተሠራ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ሲቀመጥበት የቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። ወስደው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ብረት ቀጠሉበት። የፍራሹን ውፍረት አስቀድሞ ያልጠየቀ ባለሙያ ካጋጠማችሁ እናንተው ንገሩት፤ ዕድሜው ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ላይኛው አልጋ ላይ ባታስተኙት ይሻላል። የመሰላሉ እርከኖች ቀጭን ፌሮ በመሆናቸው ባዶ እግርን ያማሉ፤ ይህንን ግን አላስተካከሉልንም።

ሁለተኛው ችግር የድሬዳዋ የራሷ ነው። ክፍሉ መሐል ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ቬንትሌተር ነበር፤ አልጋው ሲቆም ላይ የተኛው ልጅ እጁን ቢዘረጋ የሚሽከረከረው ክንፍ ሊመታው ይችል ስለነበር አውርደን ባለ እግር ገዛን። ባለ እግሩ ደግሞ ወደ ላይ ሲዞር የታችኛው ልጅ በላብ ይጠመቃል፤ ወደ ታች ሲዞር ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ላይኛውን ያነድደዋል። አጎበሩም ሌላ ጣጣ አመጣ። በ2014 ዓ.ም. ለድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ባለችበት ከተማ አጎበር የግድ ነው። የታችኛውን ከላይኛው አልጋ ብረት ላይ ማሰር ቀላል ሲሆን፣ ለላይኛው ግን ኮርኒሱን መብሳት ነበረብን። በደብረ ማርቆስ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ያደገው ልጄ አጎበር ውስጥ ተኝቶ ስለማያውቅ በየሌሊቱ ገልጦት ይነሣ ነበር።

እስከ ሚያዝያ በዚህ ሁኔታ ቆየን። ላይኛውን የያዘው "ክፍሉ የእኔ ነበር" ያለው ትልቁ ነው፤ በየማታው የቬንትሌተሩን አንገት እየጠመዘዙ ሲጣሉ፣ ባለቤቴ ለልጁ እኔም ለልጄ የምናደላ እየመሰለን ሁለታችንም ዝም ማለት ጀመርን። በመጨረሻ አራቱን ቡሎን ፈትተን አልጋዎቹን ለየናቸው፤ ጠረጴዛው ሳሎን ወጣ። ሁለቱ ልጆች እኩል ከፍታ ላይ ሆነው አንዱን ነፋስ ሲካፈሉ ጭቅጭቁ በሳምንት ውስጥ ቀነሰ። ለዚያ 1,500 ብር የሚቆጨኝ ነገር የለም፤ ከአልጋው ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው እነዚያን አራት ቡሎኖች ነው። ሲላሉ ሲጥ ሲጥ እያሉ እንቅልፍ ስለሚነሱ ግን በየቡሎኑ ሥር ሮንዴላ (ቀዳዳ ያላት ክብ ዝርግ ብረት) ማስገባት ያስፈልጋል፤ እኛ ያስገባነው ኋላ ነው።

ነሐሴ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉበት ወለል ጠበበን ብለው አልጋው መልሶ እንዲደራረብ የጠየቁት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አሁን ላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ትንሹ ነው። ቡሎኖቹን ያጠበቀው ትልቁ ሲሆን፣ በማግስቱ ክፍሉን ስጠርግ የጠበበውን የስፖርት ማሊያውን ቀድዶ የመሰላሉን እርከኖች አንድ በአንድ ጠምጥሟቸው አገኘሁ። ብረታ ብረት ቤቱ በሁለት ሜትር ጎማ ሊጨርሰው ይችል የነበረ ሥራ ነው።