ለካርፓል ተነል ምርመራ የትኛው ይገዛ? ሞኖፊላመንት ወይስ ባለሁለት ነጥብ መለኪያ

የራሳቸውን ክሊኒክ የሚከፍቱ የፊዚዮቴራፒ ባልደረቦቼ የካርፓል ተነል (የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ተጨምቆ ጣትን የሚያደነዝዝ ሕመም) ሕመምተኞችን የጣት ስሜት ለመመርመር የትኛውን መሣሪያ እንግዛ እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መልሴን እነሆ እጽፋለሁ። እኔ የምመርጠው ሰመስ ዋይንስታይን የሚባለውን ሞኖፊላመንት (ቆዳን በተወሰነ ጫና የሚነካ ቀጭን ክር)፣ ያውም አምስት ክር ያለውን የእጅ ስብስብ ነው።

ሁለት የተራራቁ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ቆዳ ላይ የሚያሳርፈው ባለሁለት ነጥብ መለኪያ በቀላሉ አይበላሽም፤ ጥቅሙም በዚሁ ያበቃል። የአመልካች ጣትን ስሜት የሚያደርሰው ሚዲያን ነርቭ የእጅ አንጓ ላይ ሲጨመቅ ቀድሞ የሚደክመው ስስ ንክኪን የመለየት አቅም ሲሆን፣ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማወቅ የሚያቅተው ግን ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው። ሌሊት እጇ እየደነዘዘ የሚቀሰቅሳት እንጀራ ጋጋሪ በ5 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ነጥቦችን በትክክል ልትለይ ትችላለችና፣ በዚህ ብቻ ደህና ነሽ ብሎ መሸኘት እሷን መበደል ነው። ዓይኗን አስጨፍኖ 0.07 ግራም ገደማ በሚጫነው 2.83 ቁጥር ክር አመልካች ጣቷን፣ ቀጥሎም የአልናር ነርቭ ድርሻ የሆነችውን ትንሿን ጣት መንካት ልዩነቱን ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። እርግጡን ለማወቅ ነርቩ መልእክት የሚያስተላልፍበትን ፍጥነት ወደሚለካው የነርቭ ምልልስ ምርመራ መላክ አይቀርም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሃያ ክር ያለው ሙሉ ስብስብ ከአምስቱ እጅግ ስለሚወደድ ለምርምር ካልሆነ በቀር ገንዘቡ ይቀመጥ። ከሁሉ የሚያከስረው ግን ርካሹ ነው፤ ለስኳር ሕመምተኞች እግር የተሠራውን ባለ 10 ግራም ነጠላ ክር የነርቭ መመርመሪያ ነው ብለው ይሸጡታል፤ ጫናው ግን ከ2.83ቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሆነ ነርቩ በመጠኑ የተጎዳ ሰው ያለ ችግር ይሰማዋል።

አስመስለው የሚሠሩትም አሉ። ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ስብስብ ውስጥ 2.83 እና ከእሱ ከበድ ያለ ጫና ሊኖረው የሚገባው 3.61 የተባሉት ክሮች ሚዛን ላይ እኩል ሆነው ሲገኙ ሻጩ አልመልስም አለኝ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እስከ 0.01 ግራም በሚያነብ የወርቅ ሚዛን ላይ ክሩን ቀጥ አድርጋችሁ እስኪጎብጥ ተጫኑት፤ 2.83ቱ ከ0.07 ብዙ ከራቀ ተዉት። ክሩ ናይለን ነውና እርጥበትና ሙቀት ያለሰልሱታል፤ አንዴ ከተጣመመም አይጠገንም፣ ይቀየራል። ስለሆነም መለዋወጫ ክር በነጠላ ከማይሸጥ ነጋዴ ስብስቡን በግማሽ ዋጋ እንኳ ቢሰጣችሁ አትግዙ።