«ሙሉ ትርጉም» ለሚባለው የፌሪዎች ልቦለድ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ለልጅ ወይም ለታናሽ መጽሐፍ የምትገዙ ሁሉ ይህን እዩልኝ። ቴሌግራም ላይ «ሙሉ ትርጉም፣ አዲስ እትም» እየተባለ የሚሸጥ የወጣቶች ልቦለድ አለ። ፌሪ ስለሚባሉ፣ እንደ ዛር ስለማይታዩ የፈረንጅ ተረት ፍጡራንና ለሁለት ስለተከፈለ ዓለም የሚተርክ ነው። እኔ 850 ብር ከፍዬ ግማሽ መጽሐፍ ነው የደረሰኝ።

ታናሽ እህቴ 11ኛ ክፍል ናት። ታሪኩን ከጓደኞቿ ሰምታ ሌት ተቀን ስለሱ ታወራ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ግን መግፋት አልቻለችም። ለምን እንደጓጓች ይገባኛል። እናታችን ማታ ማታ ከምትነግረን አንዱ የሔዋን ልጆች ነገር ነበር። ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ፣ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ የሚያምሩትን 15ቱን ደበቀች፤ የተደበቁትም እንደተደበቁ ቀሩ፣ ዛሮች እነሱ ናቸው ይባላል። በአየርላንድና በስኮትላንድ ተረትም ፌሪዎች እንዲሁ ናቸው፤ ከጉብታው ሥር፣ ከአጠገባችን እየኖሩ አይታዩም፤ ምግባቸውን የቀመሰ ሰው ወደ ቤቱ መመለሻ የለውም፤ ብረት ይፈራሉ። አራስ ሴት ደጅ ስትወጣ ብረት ስትይዝ እያየ ላደገ የጎጃም ልጅ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። በደንብ ቢተረጎም እንዴት ያለ መጽሐፍ ይሆን ነበር! የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ገንዘቡን አስቀድሜ በቴሌብር ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልሁ። በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር ሳልከፍተው ለእህቴ ሰጠኋት።

ማታውኑ መጣችና «እትዬ፣ ፌሪዎቹ ለምንድን ነው ፍርድ ቤት የሚኖሩት?» አለችኝ። ገጹን ተቀብዬ አየሁት። «የበጋው ፍርድ ቤት ንግሥት ፈረሷን አስጫነች» ይላል። እንግሊዝኛው ኮርት ነው። በፌሪ ታሪክ ኮርት ማለት የንግሥቲቱ ግቢ፣ ዙሪያዋን ያሉት መኳንንትና ተከታዮቿ ናቸው። በስኮትላንዱ ተረት ሲሊና አንሲሊ የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ሲሊዎቹ ለሰው ይራራሉ፣ አንሲሊዎቹ አይራሩም። የዚህ ዓይነት ልቦለድ ዓለሙ የሚከፈለው በእንዲህ ያለ መስመር ነው። እሱን ፍርድ ቤት ካሉት ታሪኩ ምን ይቀረዋል? ግላመር የሚሉት ዓይን የሚጋርደው ድግምት፣ አፍዝ አደንግዝ ብንለው ማንም የሚረዳው ነገር፣ «ማራኪ ፋሽን» ተብሏል። ዋናዋ ልጅ በአንዱ አንቀጽ «አለች»፣ በሚቀጥለው «አለ» ትባላለች። በኮምፒዩተር ተተርጉሞ ማንም ሳያነበው የታተመ ይመስለኛል።

ይህንንም ታግሣ ማንበቧን ቀጠለች። ገጽ 128 ላይ ስትደርስ የሚቀጥለው ገጽ 145 ሆነባት። መጽሐፍ ሲታተም ትልቁ ወረቀት እየታጠፈ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ አንድ እጥፋት ከተዘለለ 16 ገጽ አብሮ ይጠፋል። የኛው እንደዚያ ነው። ማለቂያው ደግሞ ይብሳል። ገጽ 224 ላይ ልጅቷ በሁለቱ ዓለማት መካከል ባለው በር ላይ እጇን ታሳርፋለች፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳይዘጋ ወረቀቱ ያልቃል። ሽፋኑ ላይም ውስጡም «ቅጽ አንድ» የሚል ቃል የለም።

ለሻጩ ደወልሁ። «ቅጽ ሁለት አለ እህቴ፣ 850 ብር ነው» አለኝ። ሙሉ ነው ብለኸኝ አልነበር ወይ ስለው «የቅጽ አንድ ሙሉ ነው» ብሎ መለሰልኝ። የጎደሉትን 16 ገጾች ስጠይቀው ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ፣ የተጻጻፍነውንም አጠፋው። ይህን አላውቅም ነበር፦ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ መሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያውንም፣ «ሙሉ ነው» ያላችሁንም፣ ዋጋውንም ገና ገንዘብ ሳትልኩ ስክሪንሾት አንሱና አስቀምጡ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እኔ ግን ደረሰኝም ማስረጃም ሳልይዝ ምን ብዬ ልክሰስ? በእጄ ያለው የቴሌብሩ መልእክት ብቻ ነው።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ሽፋኑን አይታችሁ አትወስኑ። የመጨረሻውን ገጽና እናንተ የመረጣችሁትን አንድ የመሐል ገጽ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። የተርጓሚው ስም፣ ማተሚያ ቤቱና ዓመቱ ያለበትን ገጽም ይላክላችሁ። የኔው ላይ ሦስቱም የሉም። ሰው የደከመበት ትርጉም የተርጓሚ ስም ሳይኖረው አይወጣም፤ ለመተርጎምም የደራሲው ፈቃድ ያስፈልጋል። ጀርባው ላይ በ978 የሚጀምር ባለ 13 አሃዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (አይኤስቢኤን) ካለ ደግሞ ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። የመጀመሪያውን አሃዝ በ1፣ ሁለተኛውን በ3፣ ሦስተኛውን በ1፣ አራተኛውን በ3 እያላችሁ እስከ መጨረሻው አባዙና ደምሩ፤ ድምሩ በዜሮ ካላለቀ ቁጥሩ ሐሰት ነው ወይም ተሳስቷል። እኔና እህቴ ቁጭ ብለን ስንደምረው 127 መጣ። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ከሆነ ከ978 ቀጥሎ 99944 የሚለውን ታገኙ ይሆናል፣ ለአገራችን የተሰጠ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን መናኸሪያ ላይ ከፍታችሁ፣ ገጹን ቆጥራችሁ፣ ያኔ መክፈል ነው። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ከሆነ ይቅርባችሁ።

መጽሐፉን እንድትለዩት፦ ሽፋኑ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ መሐሉ ላይ የድንጋይ በር፣ ከበሩ በላይ የብር ቀለም ያላቸው የቢራቢሮ ክንፎች አሉበት። የመጨረሻው ገጽ ቁጥር 224 ነው። ማርቆስ ያላችሁና ከገዛችሁት ጋር ማነጻጸር የምትፈልጉ፣ የኛው ቤት አለ፣ አሳያችኋለሁ።