ስምንት ወር ከፉጂ ኤስ 5 ፕሮ ጋር፦ ነጠላው አልተቃጠለም

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት፣ ወሩ ጥር፣ ቦታው የሙሽራዋ ቤተሰብ ግቢ፣ ድንኳኑ ያላለበሰው ጥግ። የሙሽራዋ አያት ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ነጠላ ደርበው፣ ነጠላውን እስከ ግንባራቸው ስበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠይም ነው፤ ግማሹ ደግሞ በነጠላው ጥላ ውስጥ ገብቷል። ትከሻቸው ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ዓይን ያጨልማል። ካሜራ ይዞ የሚያድር ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ፊቱን ካተረፍክ ነጠላው ይቃጠላል፣ ሽመናው ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ነጠላውን ካተረፍክ የእማማ ዓይን ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

እኔ ፊታቸው ላይ ያለውን ብርሃን ለካሁና አነሳሁ። ካሜራዋ ጀርባ ላይ ያለችው ስክሪን ትንሽ ናት፤ በዚያ ፀሐይ ጭራሽ መስታወት ሆናለች፣ የራሴን ፊት ነው ያየሁባት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ መቶ በመቶ ሳቀርበው ግን የእማማ የዓይን ሽፋሽፍት አለ፣ የጉንጫቸው መስመር አለ፣ ትከሻቸው ላይ ደግሞ የነጠላው ድርና ማግ ተለይቶ ይታያል። በዚያ ፀሐይ! ተነስቼ ውኃ ጠጣሁና ተመልሼ ደግሜ አየሁት።

ይህን የምጽፈው በዚያች ፎቶ ምክንያት ነው። ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ ሠርግ የለም፤ ጊዜ አለኝ።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ካሜራ አዲስ ነው፣ 24 ሜጋ ፒክስል ነው፣ ስሙን አልጠራም። መጥፎ አይደለም። ግን አንድ የመልስ ቀን አንዲት አክስት አልበሙን ይዘው እያገላበጡ፣ “የኔ ልጅ፣ ሽሮ ሜዳ ስንት ወር ጠብቀን ያሠራነው ጥበብ የት ገባ?” አሉኝ። አየሁት። የቀሚሱ ደረት ላይ ጥበቡ በከፊል አለ፣ ዙሪያው ግን እንደ ወረቀት ነጭ ነው፤ ሽመና የለ፣ እጥፋት የለ። ሸማኔው ቁጭ ብሎ የሠራውን እኔ በአንድ ሁለት መቶኛ ሰከንድ አጠፋሁት። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ኦቨር አድርጌው፣ ማለት ብርሃን አብዝቼበት ነበር። ግን ለምን ኦቨር አደረግሁ? የልጅቷ ፊት እንዲታይ ነዋ!

ኤስ 5 ፕሮን ያመጣልኝ ከሜሪላንድ ለገና የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ያገለገለ ነው፣ የአንድ ደህና ሌንስ ዋጋ ሲሶ እንኳን አልፈጀም። ሳጥኑን ከፍቼ ሳየው እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። ኒኮን ዲ 200ን የሚያውቅ ሰው አካሉ ያው መሆኑን ወዲያው ያያል፤ ፉጂ የኒኮንን አካል ወስዶ የራሱን ሰንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለውን ክፍል፣ ነው የከተተበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 ይፋ የሆነ፣ በ2007 ገበያ የወጣ ካሜራ ነው። ጓደኞቼ “ሙዚየም ገዛሽ” አሉኝ። እኔም በሆዴ ያው ነበር የምለው።

ነገሩ ያለው ሰንሰሩ ላይ ነው። ማንኛውንም ሰንሰር በሚሊዮን የሚቆጠር ዕቃ የተደረደረበት ሜዳ ነው በሉት። ብርሃኑ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ ዕቃው ያጠራቅማል፣ መዝጊያው ሲዘጋ በየዕቃው ስንት እንደገባ ይለካል። ዕቃው ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ የወረደውን ግን ማንም አይቆጥረውም፤ ትንሽ የፈሰሰውም ብዙ የፈሰሰውም እኩል “ሙሉ” ይባላል፣ ሙሉ ማለት ደግሞ ነጭ ነው። እኛ “ተቃጠለ” የምንለው ያንን ነው። ፉጂ ያደረገው በየአፈ ሰፊው ድስት አጠገብ አንዳንድ ብርሌ ማስቀመጥ ነው። ዶፍ ሲወርድ ድስቱ ሞልቶ ይፈሳል፤ ብርሌዋ ግን አንገቷ ጠባብ ስለሆነ ገና ከወገቧ አላለፈችም። ድስቱ መቁጠር ያቃተውን ብርሌዋ ትነግራችኋለች። ትልልቆቹ 6.17 ሚሊዮን፣ ትንንሾቹ 6.17 ሚሊዮን፣ በድምሩ 12.34 ሚሊዮን። ትልልቆቹን ኤስ፣ ትንንሾቹን አር ይሏቸዋል፤ ሰንሰሩም ሱፐር ሲሲዲ ኤስ አር ይባላል።

ሜኑው ውስጥ ዳይናሚክ ሬንጅ የሚል አለ፣ ከጨለማው እስከ ነጩ ዝርዝር የሚያዝበት ስፋት ማለት ነው፤ ከ100 ጀምሮ 130፣ 170፣ 230፣ 300 እያለ 400 በመቶ ድረስ ይሄዳል። 400 ላይ ስታደርጉት ከነጩ በኩል ሁለት ስቶፕ ያህል፣ ማለት አራት እጥፍ ብርሃን የሚችል ትርፍ ታገኛላችሁ። እኔ ከጥር ወዲህ ከ400 አውርጄው አላውቅም። የእማማ ነጠላ የተረፈው በዚያ ሁለት ስቶፕ ነው። ያውም ራው የሚባለውን ያልተሠራ ፋይል ሳልነካ፣ ከካሜራው በቀጥታ በወጣው ጄፔግ።

አሁን የካሜራ ነጋዴው ሲስቅ ይታየኛል። “እህቴ፣ በዚህ ዘመን በስድስት ሜጋ ፒክስል? ሞባይልሽ እኮ ይበልጠዋል።” ይበልጠዋል፤ ሞባይሌ ብዙ ነገር ይበልጣል። የዚህ ካሜራ ፋይል 4256 በ2848 ፒክስል ነው፤ በጥሩ ጥራት ሲታተም 36 በ24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ብዙ አልበም ሠርቻለሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ገጽ ያዘዘኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። ነጋዴው እውነት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ያ ሁሉ ፒክስል እንደ እውነተኛ 12 ሚሊዮን አይቆጠርም፣ ትንንሾቹ የሚሠሩት ለነጩ ነው። ስለዚህ ከሩቅ አንስቼ ክሮፕ አደርገዋለሁ፣ ዳሩን ቆርጬ አቀርበዋለሁ የሚል ሰው ይቅርበት። እኔ ግን እግር አለኝ፣ እጠጋለሁ።

እሱ ግን በዚህ አይረታም። ሁለተኛውን ያመጣል፦ “አዲሱን ካሜራ ይዘሽ አንደር አድርገሽ፣ ብርሃን ቀንሰሽ አንሺ፣ ነጩ ይተርፋል፣ ጥላውን ኮምፒውተር ላይ በላይትሩም ፕሮግራም ታነሺዋለሽ።” ይሄኛው ቀልድ አይደለም። የዛሬ ሰንሰሮች ጥላ ውስጥ የሚይዙት ዝርዝር ይህ ካሜራ በሕልሙም የማያየው ነው። እኔም ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠርቻለሁ። ግን ማን ነው ጥላ ውስጥ የሚገባው? ለነጩ ብዬ ብርሃኑን ስቀንስ አብሮ የሚወርደው የሰዎቼ ፊት ነው። የሠርግ ቤታችን ሕዝብ ነጭ ለባሽና ጠይም ፊት ነው። ፊቱን ከጥላ ጎትቼ ሳወጣው ይወጣል፤ ግን ቆዳው አመድ ነገር ይነካዋል፣ ያ ከውስጥ የሚመጣው ቀይ ዳማ ሙቀት የለም። ከዚያ በብሩሽ ፊት በፊት ማስተካከል ነው። በአንድ ሠርግ ስምንት መቶ ዘጠኝ መቶ ፎቶ አስረክባለሁ፤ ያን ሁሉ ፊት ልቀባ ነው? በኤስ 5 ግን መጀመሪያ የምለካው ፊቱን ነው። ነጩን ብርሌዎቹ ይጠብቁታል።

የቀለም ፊልም ዘመን ላብራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ሸርሊ ካርድ ይሉታል። የኛ ወላጆች የሠርግ ፎቶ ላይ ፊት ለምን እንደዚያ እንደሚወጣ ያወቅሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ፉጂም ያው የፊልም ቤት ነው፤ ለኔ ብሎ አልሠራውም። የጃፓን መሐንዲስ ያሰበው የፈረንጅ ሙሽራ ነጭ ቬሎና የሙሽራውን ጥቁር ሱፍ ይሆናል። ለሐበሻ ቀሚስ የተሠራ ያህል ሆኖ መገኘቱ የኔ ዕድል ነው።

ከፎቶግራፈር ጋር ቁጭ ብላችሁ የድሮ ሰንሰር ካነሳችሁ ደግሞ ወዲያው “ሚስጥሩ ሲሲዲ ነው” የሚል ይነሳል። የዛሬው ሲሞስ የሚባል ሌላ ዓይነት ሰንሰር ነው፣ ቀለሙ የሞተ ነው፣ የድሮው ሲሲዲ ፊልም ይመስላል ይላል። የአክስቴም ልጅ ካሜራውን ሲሰጠኝ ያለኝ ይህንኑ ነው። አልስማማም። ሲሲዲ ማለት የተጠራቀመውን ብርሃን አውጥቶ የሚቆጥርበት መንገድ ነው፤ እሳት ሲነሳ ሰፈሩ ተሰልፎ ባልዲ እንደሚቀባበለው፣ አንዱ ለጎረቤቱ እያሳለፈ እስከ ጫፍ ያደርሰዋል። ባልዲ መቀባበል ቀለም አያመጣም። ቀለሙን የሚሰጠው ሰንሰሩ ላይ የተለጠፈው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ካሜራ ሠሪው ያንን የሚያበስልበት ሙያ። ማስረጃ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የመጀመሪያው ካኖን 5ዲ ሲሞስ ነው፣ የ2008ቱ ኒኮን ዲ 700ም ሲሞስ ነው። ሁለቱም 12 ሜጋ ፒክስል አካባቢ ናቸው፣ ሁለቱንም በቀለማቸው የሚምሉላቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። ላይካ ኤም 9 ላይ ያለው የኮዳክ ሲሲዲም የራሱ አምላኪዎች አሉት። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ የሚወዱት ግን ባልዲውን ሳይሆን ወጡን ነው።

የፉጂ ወጥ ኤፍ 1 የሚሉት ነው። ፊልም ሲሙሌሽን ከሚባሉት፣ የፊልም ቀለም ከሚያስመስሉት ምርጫዎች ለሰው ፊት የተሰናዳው እሱ ነው። ኤፍ 2 ቀለሙን ያደምቀዋል፤ የጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ላይ ለካህናቱ ጥላዎች ሞክሬው ነበር፣ ጥላዎቹ አማሩ፣ ሰዎቹ ግን ሁሉም ፊታቸው የቀላ መሰለ። ወደ ኤፍ 1 ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም።

ስለ ቀሪው ብዙ አልጽፍም። ያነሳል፣ አያያዙ ደህና ነው፣ የድሮ የኒኮን ሌንሶቼ ይገጥሙለታል። በ400 ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ ሁለት ፎቶ እንኳን አይሞላም፤ እስክስታ ማንሳት የፈለገ ትንፋሹን ጠብቆ አንዴ መጫን መልመድ አለበት። ማታ አዳራሽ ውስጥ አይኤስኦ፣ ማለት ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት፣ ከ1600 በላይ ሲያስፈልገኝ ያንን ስሙን የማልጠራውን ካሜራ አወጣለሁ፤ ከዚህ በላይ ላስመስል አልፈልግም። ፎቶ የሚያጠራቅምበት ካርድ ሲኤፍ የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኤፍ ካርድ መፈለግ በየሱቁ “ምን?” መባል ነው።

ባትሪውን ግን ልናገር፣ ገዢ ካለ እንዲጠነቀቅ። የዲ 200 ባትሪ በመልክ አንድ ነው፣ ይገባል፣ ግን ካሜራው አያውቀውም፤ የራሱን ኤንፒ 150 ይፈልጋል። እኔ ከአንድ ሱቅ ተመሳሳዩን ገዛሁ፤ ባለሱቁ “ከዋናው ይበልጣል” ብሎኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ቢላውን አብረው ሲይዙ ካሜራው ጸጥ አለ። ሚዜው “ምን ሆንሽ?” ይላል፣ እኔ እጄ ቦርሳ ውስጥ ዋናውን ይፈልጋል፣ ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ ይስቃል። ኬኩን ደግመው ቆረሱልኝ። ያ ባትሪ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ አብጧል።

ግንቦት ላይ መልስ ነበረኝ፤ ያንን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሙሽሮቹ ጥቁር ከፋይ ካባ ለብሰዋል፣ ዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ከሥሩ የሁለቱም ልብስ ነጭ። በረንዳ ላይ ነን፣ ከጎን የአሥር ሰዓት ፀሐይ ይገባል። ጥቁር ከፋይ፣ የሚያበራ ወርቅ፣ ነጭ ጥጥ፣ ሁለት ጠይም ፊት፣ ሁሉም በአንድ ፍሬም። ከአሥራ ሁለቱ ፎቶ ዘጠኙን እንዳለ አስረከብኩ። ወርቁ ክር ሆኖ ነው የወጣው፣ እንደ አምፖል አልፈነዳም። ከፋዩ ትንሽ ጨልሟል፣ እሺ፤ የጥላው በኩል የዚህ ሰንሰር ድካም ነው ብያለሁ። ካባው ጥቁር ነው፣ ቢጨልም ማን ይጠይቀኛል?

እና እኚያ ጥበቡ የት ገባ ያሉኝ አክስት የዚያችን ሙሽራ የታናሽ እህት ሠርግ ለኔ ሰጡኝ። የእማማን ፎቶ ስልኬ ላይ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፣ በሁለት ጣታቸው አስፍተው ነጠላውን ብቻ አዩ። የእማማን ፊት አላዩትም። “ይሄ የእጅ ፈትል ነው” አሉ።

አሁን የሚያሳስበኝ ካሜራው አንድ መሆኑ ነው። ዕቃው አርጅቷል፣ እንደዚህ ያለ ሰንሰር ያለው አዲስ ካሜራ ዛሬ ፉጂ ራሱ አይሠራም። ለአክስቴ ልጅ ሁለተኛ እንዲፈልግልኝ ጽፌለታለሁ፤ ከዋናው ባትሪ ጋር ካልሆነ አልቀበልም ብዬዋለሁ። ለጥር ሦስት ሠርግ ይዣለሁ፣ ሁለቱ የቀን ናቸው።