ሆዱ ሞልቶ የማይጎትተው ዊንቼ፦ የዘጠኝ ወር ልምድ

ዊንቹን፣ ማለትም የተተከለ መኪና በገመድ ጎትቶ የሚያወጣውን ሞተር፣ መኪናዬ ላይ ካስገጠምኩ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ጌጥ ነበር። ፓራውልቱ ላይ ጉብ ብሎ ያምራል። ያየው ሁሉ ይጠይቃል፣ እኔም ሳብራራ ደስ ይለኛል። ሥራ ግን አልነበረውም። አንዴ ጉቶ ነቅዬበታለሁ፤ እሱም ቢሆን በአካፋ ይወጣ ነበር። ያኔ ግምገማ ጻፍ ብባል የምጽፈው ስለ ቀለሙ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ጫካ ውስጥ በስድስት መኪና ሆነን ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስናቦካ ውለናል። ከዚያም በኋላ አምስት ስድስት ጊዜ ወጥቻለሁ። አሁን የምለው አለኝ።

የገዛሁበትን ምክንያት አልደብቅም። ያሳበዱኝ ፎቶዎች ናቸው። ከ1980 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ይካሄድ የነበረው የካሜል ትሮፊ፣ በመኪና ጫካና ጭቃ የሚታለፍበት ውድድር፣ ፎቶዎች። ላንድሮቨሮቹ በጭቃ ተለስነው፣ ሰዎቹ እስከ ወገባቸው ሰምጠው፣ ገመዱ ተወጥሮ። እነዚያ ፎቶዎች ላይ አካፋ የያዘ ሰውም ነበር። እኔ ያየሁት ዊንቹን ብቻ ነው።

ዕቃው ይሄ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ዊንች፣ አቅሙ 9,500 ፓውንድ። በኪሎ ወደ 4,300 ይመጣል። ገመዱ የብረት ካቦ ሳይሆን ሰው ሠራሽ ነው፣ 26 ሜትር። መኪናዬ ከነጭነቷ 2,600 ኪሎ ትመዝናለች። ዊንች ስትገዛ ሁሉም የሚነግርህ ስሌት አንድ ነው፤ የመኪናህን ክብደት በአንድ ተኩል አባዛ። 2,600 በ1.5 ሲባዛ 3,900። የእኔው ከዚያም ይበልጣል። በቃ፣ አልኩ፣ የሚያቆመኝ ጭቃ የለም።

ስሌቱ ስህተት አይደለም። ጎዶሎ ነው እንጂ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጠዋት መንገዱ አፍ ላይ ቆመን ሁላችንም ጎማ አስተነፈስን፣ ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)። የሚመሩን ሰው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አንድ ሕግ ብቻ ነው የነገሩን። «ከኋላህ ያለውን መኪና በስፖኪዮ ካላየኸው ቁም። እሱ ያንተ ኃላፊነት ነው።» ይሄ ሕግ ቀላል ይመስላል እንጂ በጭቃ ላይ መቆም ራሱ ፈተና ነው። የቆመ መኪና እንደገና ላይነሳ ይችላል።

መንገዱ እንጨት ጫኝ ከባድ መኪኖች የሄዱበት ነው። ጎማቸው ሁለት ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ፣ መሃሉን ጉብታ አድርጎ ትቶልናል። ከፍ ያላለ መኪና ቦዩ ውስጥ ሲገባ ዲፈረንሻሉ ጉብታው ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ አራቱም ጎማ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ጭቃ ይረጫል፣ መኪናው አይነቃነቅም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዓታት ይሄ ብዙ ጊዜ ገጠመን። ዊንች ያወጣ ግን አልነበረም። በአካፋ ጉብታውን ጠረግን፣ ገፋን፣ ቅርንጫፍ ጎማ ሥር ነሰነስን። ተራ የአስፋልት ጎማ የገጠመ አንድ ፒክአፕ ነበረ። ሹፌሩ መሪውን ቶሎ ቶሎ ግራ ቀኝ እያወዛወዘ፣ የጎማውን ጎን የቦዩን ግድግዳ እያስነከሰ ሁሉንም አለፈ። የእኔ የጭቃ ጎማ ያለችው መኪና ሁለት ጊዜ ስትተከል እሱ አንዴም አልቆመም። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

ቀትር ላይ አንድ ረባዳ ቦታ ደረስን። ከታች ትንሽ ጅረት አለ፣ ከጅረቱ ማዶ አጭር ዳገት። ሦስታችን አለፍን። አራተኛው፣ ትልቁ ስቴሽን ዋገን፣ ዳገቱ ሥር ሰጠመ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲጨምር ይባሱኑ ወረደ። ሲያጠፋው ጭቃው ፓራፋንጎው ድረስ ደርሶ ነበር። በሩን መክፈት አልቻለም፣ በመስኮት ወጣ።

«ዊንች ያለው ማነው?» አሉ ጋሼ።

እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ።

ከፊቱ ስምንት ሜትር ላይ ደረቅ መሬት ነበረኝ። መኪናዬን አዙሬ ቆምኩ፣ ገመዱን ጎትቼ ጋንቾው ላይ አያያዝኩ፣ ሪሞቱን ተጫንኩ። ገመዱ ተወጠረ፣ ሲጥ አለ። ከዚያ መኪና ተንቀሳቀሰ። የእኔ መኪና። ፍሬን እንደያዘች ወደ ጅረቱ መንሸራተት ጀመረች። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ኋላዬን በሰፊ ቀበቶ ግንድ ላይ አሰርንና እንደገና ሞከርኩ። አሁን መኪናዬ አልተንቀሳቀሰችም። የዊንቹ ድምፅ ግን እየወፈረ፣ እየወረደ ሄዶ ቀጥ አለ። ስቴሽን ዋገኑ ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ መጥተው መጠቅለያውን፣ ገመዱ የሚጠመጠምበትን የዊንቹን ከበሮ፣ ጎንበስ ብለው አዩ። ከ26 ሜትሩ 18ቱ እንደተጠቀለለ ነው።

«ልጄ፣ ሆዱ ሞልቶ እንዴት ይጎትታል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 4,300 ኪሎ ገመዱ የመጨረሻው ደርብ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም መጠቅለያው ላይ አንድ ደርብ ብቻ ሲቀር የሚገኝ ጉልበት ነው። በላዩ ደርብ በተጨመረ ቁጥር መጠቅለያው ይወፍራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። የእኔው መመሪያ ላይ ሰንጠረዡ አለ፤ አራተኛው ደርብ ላይ ወደ 2,500 ይወርዳል። መመሪያውን ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት።

ሌላው ጎዶሎ ጭቃው ነው። የአሜሪካ ጦር የተሰናከሉ ተሽከርካሪዎችን ስለማውጣት ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ አንድ የግምት ስሌት አለ። ጭቃው ጎማ ድረስ ከሆነ ለመጎተት የሚያስፈልገው ጉልበት ከመኪናው ክብደት ጋር እኩል ነው። ፓራፋንጎ ድረስ ከሆነ እጥፍ ነው። ስቴሽን ዋገኑ 2,800 ኪሎ ቢሆን 5,600 ማለት ነው። እኔ 2,500 ይዤ 5,600 ልጎትት ቆሜያለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆፈርን። አርባ ደቂቃ ሙሉ። ከጎማዎቹ ፊት ጭቃውን ጠርገን መውጫ አበጀንላቸው፣ ሆዱ ሥር አየር እንዲገባ ከፈትን። እኔ መኪናዬን ወደ አሥራ አንድ ሜትር ራቅ አድርጌ እንደገና በግንድ አሰርኳት። ፑሊ፣ ገመድ የሚዞርበት መንኮራኩር፣ ያለው ጋሼ ጋ ብቻ ነበር። ፑሊውን የሰመጠው መኪና ጋንቾ ላይ አደረግን፣ ገመዱ በፑሊው ዞሮ ወደ እኔ ተመልሶ አጠገቤ ያለ ሌላ ግንድ ላይ ታሰረ። እንዲህ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፣ ፍጥነቱ ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያም በላይ ገመዱ ሁሉ ወጥቶ መጠቅለያው ላይ አሥር ዙር ያህል ብቻ ቀረ። ከዚያ በታች ማውጣት አይቻልም፤ ሰው ሠራሽ ገመድ ያዳልጣል፣ ይነቀላል። አንዱ ጃኬቱን ገመዱ ላይ ጣለ፣ ቢበጠስ ውርወራውን እንዲያበርድ። ሰው ሁሉ ከገመዱ መስመር ወጣ።

ተጫንኩ። ስቴሽን ዋገኑ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የተነቃነቀው፣ ከዚያ ወደ ፊት። ጭቃ ጎማ ሲለቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ። እግርህን ከጭቃ ስታላቅቅ የምትሰማው ዓይነት፣ በመኪና መጠን። በደቂቃ አንድ ሜትር ያህል መጣ። አንድ ደቂቃ እጎትታለሁ፣ አቆማለሁ። የዊንቹ ሞተር እጅ አያስነካም።

መሃል ላይ የፊት መብራቴ ደበዘዘ። ለካ የመኪናዬን ሞተር በሚኒሞ ትቼዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ዊንች በሙሉ ጭነት ወደ 400 አምፔር ይስባል። ዲናሞዬ ቢበዛ 100 ነው የሚያመነጨው። የቀረው ከባትሪ ይሄዳል። የመኪናዬን ሞተር በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ አድርጌ፣ በየመሃሉ አሳርፌ ጨረስኩ። ባትሪው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ በፊቱ አልሆነም፤ ከሁለት ወር በኋላ ቀየርኩት። ዊንች ለመግጠም ያሰበ ሰው የባትሪ ወጪ አብሮ ያስብ።

በዚያ ቀን አምስት ጊዜ ጎትቻለሁ። ራሴን ያወጣሁት አንዴ ብቻ ነው። ለብቻዬ ለመሄድ ብዬ የገዛሁት ዕቃ የሰው አገልጋይ አደረገኝ። በቡድን ስንወጣ ቦታዬ ተወስኗል፣ ወይ ሁለተኛ ወይ መጨረሻ። ደስ ይለኛል፣ ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

አሁን ወደ ብልሽቶቹ። አምስተኛው ወር ላይ ገመዱን በእጅ ለመልቀቅ የሚዞረው ማንሻ ደረቀ። ጭቃ ገብቶበት ነው። ፈትቼ አጥቤ ግሪስ ቀባሁት፣ አሁን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ አዞረዋለሁ። የባሰኝ የሪሞቱ ሶኬት ነው። ክዳኑ ልል ነው፣ ውሃ ገባበት። ዊንቹ ገመድ ይስባል እንጂ አይለቅም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ጭቃ በዋስትናው አይሸፈንም» አለኝ። የጭቃ ዕቃ ሸጦ! ስልኩን ዘግቼ ሳቅኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። በመጨረሻ ራሴው የሶኬቱን እግሮች በብሩሽ አጸዳሁ፣ ክዳኑ ላይ የጎማ ቀለበት ጨመርኩ። ሠርቷል።

ክብደቱም አለ። ዊንቹና መያዣ ብረቱ አንድ ላይ ወደ 60 ኪሎ ይጠጋሉ፣ ያውም ከፊት ጎማ ፊት። አፍንጫዋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደ። የፊት ሞላ ቀይሬያለሁ፣ መብራትም አስተካክያለሁ።

ሰው ሠራሽ ገመድ በመምረጤ አልተቆጨሁም። ቀላል ነው፣ እጅ አይወጋም፣ ጭቃ ውስጥ ስትጎትተው እንደ ካቦ አያደክምም። ግን ይቀየማል። አሸዋ በክሩ መሃል ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። የመጀመሪያው ሜትር ተኩል እንደ ሱፍ ስለተነሳ ቆርጬ ጫፉን እንደገና ገምጄዋለሁ። ሰባተኛው ወር ላይ ደግሞ ጥፋቱ የእኔው ነው። አንድ መኪና በቁልቁለት በዊንች ቀስ አድርጌ አወረድኩ። በእኔው ዊንች ፍሬኑ ያለው መጠቅለያው ውስጥ ነው። ጭነት ይዞ ሲለቅ ፍሬኑ ይግላል። ይሄ ገመድ ደግሞ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ጥንካሬው ይቀንሳል። ገመዱን ስፈታው የውስጠኛው ደርብ እንደ ፕላስቲክ ጠንክሮ፣ አብረቅርቆ አገኘሁት። ያንን ጫፍ ቆርጬ ጣልኩት። አሁን የቀረኝ ወደ 22 ሜትር ነው።

ድጋሚ ብገዛ ይሄንኑ እገዛለሁ? አዎ፣ ሶኬቱን እየረገምኩ። ቅደም ተከተሉን ግን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ አካፋ፣ የአየር መለኪያ፣ ሰፊ የዛፍ ቀበቶ፣ ፑሊ። ከዚያ ዊንች። በዓመት አንዴ ለሚወጣ ሰው፣ ያውም ዊንች ካላቸው ሰዎች ጋር፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ይበቁታል።

ባለፈው ሳምንት ከጉዞ ስመለስ ገመዱን ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት ውሃውን ደፋሁ፣ ሌላ ሞላሁ። ሦስተኛው ባልዲም ቡናማ ነው። አራተኛውን ልሞላ ነው።