የላስታን ጨዋታ በስሪዲ ወይስ በተለመደው ካሜራ?

በነሐሴ ላስታ ወርዶ አሸንድዬን በዘጋቢ ፊልም ለማስቀረት የሚያስብ ሰው ከሁለት ካሜራ አንዱን ይመርጣል።

አንዱ በተለምዶ ስሪዲ የምንለው ነው። ሁለት ሌንሶች እንደ ዓይኖቻችን ተራርቀው ይቀርጻሉ፤ ተመልካቹ የሚያጠልቀው መነጽር ለየዓይኑ የራሱን ምስል ያደርሳል፤ ጥልቀቱን የሚፈጥረው አእምሮ ነው። ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ውዝዋዜ አቀናባሪዋ (ኮሪዮግራፈሯ) ፒና ባውሽ በስሪዲ የሠራው ፊልም ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ በተወዛዋዦቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ይታያል። ለአሸንድዬም ይህ ይስማማዋል። ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው ክብ ሲሠሩ፣ የፊተኛዋና የኋለኛዋ ርቀት በተለመደው ካሜራ ይጨፈለቃል።

እስክስታ ላይ ግን ስሪዲን አላምነውም። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀረጽ ፈጣን ትከሻ ከተለመደው ካሜራ ይልቅ በስሪዲ ተቆራርጦ ይታያል፤ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ቢያቀርቡት ደግሞ ጨፋሪው ከካርቶን የተቆረጠ ይመስላል። መነጽሩም ብርሃን ይቀንሳል፤ ለማታ ጭፈራ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የተለመደው ካሜራ አንገትንና ትከሻን ተጠግቶ፣ ላቡን ሳይቀር ያሳያል።

ወጪውን ተዉት፤ ስሪዲ እንደሚወደድ ግልጽ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ተመልካቹ ነው። ጨፋሪዋና ዘመዶቿ ፊልሙን የሚያዩት በስልካቸው ስለሚሆን፣ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የተለመደውን አነሳለሁ።