ለአባቴ ነርስ ምስጋና፣ የሆድ ቱቦ ያለው ሰው ለምታስታምሙ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለአንዲት ነርስ ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለነገረችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አባቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ መዋጥ አቅቶታል። ውሃ እንኳ ትን ይለዋል። ስለዚህ በሆዱ በኩል ጨጓራው ድረስ የሚዘልቅ የመመገቢያ ቱቦ ገባለት። መጀመሪያ ያስገባንበትን ቦታ ስም አልጠራም። ግን ያየነውን አልረሳም። ቱቦው ከገባ በኋላ ምግብ መቼ እንደሚጀመር የሚነግረን ጠፋ። አንዱ "ነገ" ይላል፣ ሌላዋ "ዶክተሩ ይምጣ" ትላለች። አባቴ ጾሙን አድሮ ጾሙን ዋለ። እናቴ ደጋግማ ስትጠይቅ ገላመጧት። ያለ አንዳች ማብራሪያ ወደ ቤት ሸኙን። ብዙም ሳይቆይ ቱቦው ወለቀ። ብንደውል የሚያነሳ የለም። ቀዳዳው ደግሞ ቶሎ የሚዘጋ ነገር ነው ለካ፣ ሌላ ቦታ ሄደን እንደ አዲስ ተሠራለት።

ሲስተርን ያገኘናት እዚያ ነው። ገና ሳንጠይቃት መጥታ ነገረችን። ችግር ካልገጠመ ቱቦው ከገባ 4 ሰዓት ያህል ሲሞላው መመገብ ይቻላል። ድሮ እስከ ማግስቱ ይጠበቅ ነበር፣ በኋላ ግን ቶሎ መጀመሩ እንደማይጎዳ በጥናት ታወቀ። "ቢሆንም መጀመሪያ ሆዳቸውን አያለሁ፣ ዶክተሩንም አማክራለሁ" አለችን። በሰዓቱ መጣች። ተረኝነቷ አልቆ ነበር፣ አልሄደችም።

አባቴ መናገር አይችልም። ሌላው ቦታ እሱ የሌለ ይመስል በላዩ ላይ ነበር የሚያወሩት። ሲስተር ግን ጎንበስ ብላ ዓይኑን እያየች "አባባ፣ አሁን ምግብዎን ልሰጥዎት ነው፣ ካመመዎት እጄን ይጫኑኝ" አለችው። እጇን ይዞ እንባው መጣ። እኛም አለቀስን። ሰው እንዲህም ያክማል!

ከዚያ ሲሪንጁን ለእናቴ ሰጠቻት። የእናቴ እጅ ይንቀጠቀጣል። "አይዞሽ እማዬ፣ ቀስ ብለሽ" እያለች አስጨረሰቻት። ያስተማረችንን ለእናንተም ላካፍል። ሲመገብ ራስጌው ቢያንስ 30 ዲግሪ ቀና ይበል፣ ከበላ በኋላም ለአንድ ሰዓት ያህል አታስተኙት። ከምግብ በፊትም በኋላም ቱቦውን በውሃ እጠቡ፣ አለዚያ ይደፈናል። ኃይለኛ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ደም ወይም በቱቦው ዙሪያ የሚፈስ ነገር ካያችሁ መመገቡን አቁሙና ወዲያው ደውሉ። ከወለቀ ደግሞ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ራሳችሁ መልሳችሁ እንዳትከቱ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ። የቱቦውን ዓይነትና መጠን እሷው ታውቃለች፣ እኔ እስካሁን አልገባኝም።

እባካችሁ፣ ቱቦው ከመግባቱ በፊት "ምግብ መቼ ይጀመራል? ችግር ሲኖር ለማን እንደውል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቢገላምጧችሁም ጠይቁ። ሲስተር በትርፍ ጊዜዋ አስታማሚ ቤተሰብ ታሠለጥናለች። እንደሷ ያለ ሰው አላየሁም፣ ደግሜ እላለሁ፣ አላየሁም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ።