ጀነሬተሯ

እኛ ቤት «ጀነሬተሯን አምጡልኝ» ከተባለ መብራት ጠፍቶ አይደለም። ሽንኩርት ሊከተፍ ነው። ስሙን ያወጣችላት ትንሿ ልጄ ናት። ገመዱን ጨብጬ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ ሳደርግ አየችና «እማዬ፣ ልክ ጀነሬተር እንደሚያስነሳ ሰው!» ብላ ሳቀች። በዚያው ጸና። ሻጩ ግን «ማንዋል ቾፐር» ነው ያለኝ፤ በእጅ የሚሠራ መክተፊያ ማለቱ ነው። መክተፊያ ብዬ እንዳልጠራት መክተፊያ እኛ ቤት ሌላ ናት። ከእናቴ ቤት ይዣት የመጣሁት፣ በቢላ ብዛት መሃሏ የጎደጎደው የእንጨቷ።

የገዛኋት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፤ ፍልሰታ ሊገባ ሲል። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ። ሻጩ ከ850 ብር ጀመረ፣ በ700 ተስማማን። አሁን መጋቢት ነው። ስምንት ወር ሙሉ፣ ከጥቂት ቀን በቀር፣ በየቀኑ ሠርቼባታለሁ። ስለዚህ የምናገረው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይደለም።

ለማታውቋት፦ ጎድጎድ ያለ የፕላስቲክ ሳህን አላት። መሃሉ ላይ ዘንግ ይቆማል። ዘንጉ ላይ ሦስት ቢላ፣ አንዱ ከአንዱ ከፍ ብሎ ተሰክቷል። ክዳኗ ውስጥ ገመድ ተጠቅልሏል። ገመዱን ስትስቡት ዘንጉ ይሽከረከራል፣ ቢላዎቹም አብረው። ስትለቁት ክዳኑ ውስጥ ያለው ጥቅል ብረት ገመዱን መልሶ ይሰበስበዋል። ይኸው ነው። ሶኬት የለ፣ ባትሪ የለ። መብራት በጠፋ ማታም በስልክ ባትሪ ብርሃን ከትፌ ወጤን እሠራለሁ እንጂ ትቼው አድሬ አላውቅም። መፍጫው ማሽን ግን መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሲያሳየኝ አምስቴ ስቦ ሽንኩርቱን ድቅቅ አደረገው። ዓይኔ እያየ። ቤት ገብቼ አንድ ሽንኩርት ለሁለት ገምሼ ከተትኩና ሳብኩ። ንቅንቅ አላለም። ገመዱ ግማሽ ላይ ተወጥሮ ቀረ፤ አንዱ ግማሽ በቢላውና በግድግዳው መካከል ተሰንቅሯል። ቆይቼ ነው የገባኝ። ሻጩ የከተተው ሽንኩርት ቀድሞውኑ ጥፍር በምታህል የተቆራረጠ ነበር! ቢላም መክተፊያም አያስፈልግሽም ያለኝ ሰውዬ፣ ቢላና መክተፊያውን ከባንኮኒው ሥር ደብቆት ኖሯል።

እውነቱ ይኼ ነው፤ መላጥም መቆራረጥም አይቀርላችሁም። መካከለኛ ሽንኩርት አራት ወይም ስድስት ቦታ ይቆረጣል። ካሮት ከሆነ ከዚያም ያንሳል፤ ደረቅ ስለሆነ ገመዱን ይነጥቃል። ሳህኗ ደግሞ ከግማሽ በላይ አትሞላም። ካርቶኑ 900 ሚሊ ሊትር ይላል፤ በኔ ልክ ግን በአንድ ዙር ሦስት ሽንኩርት ነው። አራተኛውን ከጨመራችሁ ከታች ያለው ይላቁጣል፣ ከላይ ያለው ቢላ ሳይነካው ይቀራል።

የዚህች ዕቃ ዋናው ነገር ቆጠራ ነው። ቢላ ስትይዙ እጃችሁ ያውቃል፣ ዓይናችሁም ያያል። እሷ ጋ ማቆሚያውን የምታውቁት በቁጥር ነው። እኔ አምስቴ ስስብ ለአዚፋ የሚሆን ይወጣል። ስምንቴ ስስብ ለዕለት ወጥ። አሥራ ሁለት ላይ ውሃ መልቀቅ ይጀምራል። ከዚያ ካለፈ ለማባያ የሚሆን ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ካልሆነ በቀር አልመክርም። ወሬ እያወራችሁ ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ክፈቱና እዩ። አንዴ ከስልክ ጋር እየተነጋገርኩ ስስብ፣ ስስብ፣ ስከፍት ሽንኩርቱ የለም። ሮዝ ነገር ነው የተቀመጠው።

አዚፋን ካነሳሁ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለሷ ስል ብቻ 700 ብሩን ድጋሚ እከፍላለሁ። ፍልሰታን በሙሉ፣ አሁንም በሁዳዴ፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ እሠራታለሁ። ድፍን ምስሩን ቀቅዬ አቀዘቅዘዋለሁ። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን አንድ ላይ ጀነሬተሯ ውስጥ እከታለሁ፣ አምስት። ምስሩ ላይ ገልብጬ፣ ሰናፍጩን በጥብጬ፣ ሎሚና ዘይት ጨምሬ አሸዋለሁ። ዱሮ ቃሪያውን በቢላ ስከትፍ ጣቶቼ ማታ ድረስ ይለበልቡኝ ነበር። ልጅ ላጥብ ብዬ ዓይኗን የነካሁበት ቀን እስካሁን አይረሳኝም። አሁን ጣቴ ቃሪያ የሚነካው ስሰነጥቀውና ፍሬውን ሳወጣ ብቻ ነው። ፍሬውን ግን አውጡት፤ ካልሆነ አብሮ ይደቅና አዚፋው ጠቅላላው እሳት ይሆናል።

የሽንኩርቱ ለቅሶም ቀርቷል ማለት ይቻላል። ሽንኩርት ሲቆረጥ የሚለቀው ጋዝ ነው ዓይናችን ካለው እርጥበት ጋር ተገናኝቶ የሚያቃጥለው። እዚህ ክዳኑ ተዘግቶ ስለሚከተፍ ጋዙ ውስጥ ይቀራል። ግን ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን አታስጠጉ። የታመቀው ሁሉ ባንዴ ነው የሚወጣው። አንዴ አጎንብሼ ከፈትኩና እስከ ደጅ ድረስ በደመ ነፍስ ሄድኩ።

አሁን ወደ ዶሮ ወጡ ልምጣ።

ጥቅምት ላይ የማርያም ማኅበር ተራው የኔ ነበር። ቀኑ ረቡዕም ዓርብም ስላልሆነ ዶሮ ይሠራል ተባለ። ሦስት ዶሮ፣ ሰባት ኪሎ ሽንኩርት። ሽንኩርቱ ከሸዋ ሮቢት የመጣ፣ ገና አንገቱ ያልደረቀ፣ ሲጨብጡት እርጥብ ነው። አማቴ ከመንዝ በዋዜማው ገብተዋል። እኔ ደግሞ ልታይ ልታይ ብሎኛል። «እማዬ፣ እርስዎ ዛሬ ቁጭ ይበሉ። ሽንኩርቱን ለኔ ይተዉት» አልኳቸው።

አራቱን ኪሎ በጀነሬተሯ ፈጨሁት። አዎ፣ ፈጨሁት ነው የሚባለው። በአንድ ዙር ሦስት ሽንኩርት፣ ሦስት መቶ ግራም አካባቢ ነው፤ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዙር ማለት ነው። እያንዳንዱን አሥራ አምስት ጊዜ ሳብኩ፣ ለዶሮ ደቃቅ ይሁን ብዬ። ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ገመድ መሳብ ነው እንግዲህ። ቀኝ ትከሻዬ ሦስት ቀን አልተነሳልኝም። ድስቱ ላይ ሳደርገው ውሃው ቀድሞ ወረደ፣ ሽንኩርቱ ተከተለው።

ዶሮ ወጥ የሠራ ያውቀዋል፤ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ያለ ቅቤ፣ በራሱ እርጥበት ብቻ ነው የሚቁላላው። የኔው ግን አልተቁላላም፣ ተቀቀለ። እኛ ጋ ደግሞ ውሃ ፈላ ማለት ብዙ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሽንኩርቱም ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ከዚያ አያልፍም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አማሰልኩ። ሽታው ጥሬ ነው፣ መልኩም ነጣ እንዳለ ነው።

አማቴ ቁጭ ባሉበት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ድስቱን አዩት። «ምን አድርገሽው ነው ልጄ? ይኼ እኮ ቁሌት አይደለም፣ ሾርባ ነው» አሉኝ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። የእንጨቷን መክተፊያ አውርደው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወርውረው፣ የቀረውን ሦስት ኪሎ መክተፍ ጀመሩ። ስለ ዘንድሮው ገብስ እያወሩኝ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው እንጂ ቢላው ላይ አይደለም። የሳቸው ሽንኩርት ሁሉም እኩል ነው፤ ደቃቅ ሆኖ ደረቅ። በሌላ ድስት ጣልነው። ከኔው ዘግይቶ ተጥዶ ቀድሞ ጠየመ። በመጨረሻ ሁለቱን ቀላቀልነው። ማኅበርተኞቹ አጣጥመው ነው የበሉት፤ እኔ ግን ያንን ሁለት ሰዓት አውቀዋለሁ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ አስቤበታለሁ። ቢላ በእጅ ሲሆን አንዴ ቆርጦ ያልፋል። ጀነሬተሯ ግን የተቆረጠውን መልሳ መላልሳ ትመታዋለች፤ ሽንኩርቱ ሲደበደብ ውሃውን ይለቃል። ሽንኩርቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ፣ የደረቀ ሽንኩርት ከሆነና ስምንት ላይ ካቆማችሁ ለዕለት ምስር ወጥና ለሽሮ ምንም አይወጣላትም። ለዶሮ ግን አትሞክሯት። ወይም እንደኔ አማት ይኑራችሁ።

ሌላውን ቶሎ ልበለው። ዝንጅብል፦ ቃጫው ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ በሙቀጫ ይሻላል። ጎመን፦ እርጥብ ከሆነ የሳህኗ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በቢላው ያሾፍበታል። ሥጋ፦ አንዴ ሞክሬ ጅማቱን ከቢላው ላይ ስፈታ አመሸሁ፤ ክትፎ የቢላ ነው። ነጭ ሽንኩርት፦ ሁለት ራስ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሦስት ፍንካች ከሆነ ከቢላው ሥር ተደብቆ ይቀራል።

እጁን ለሚያመው ሰው ትሆናለች ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። ጎረቤቴ ቢላ መጨበጥ ከከበዳቸው ቆይተዋል፤ አምጥቼ አስሞከርኳቸው። አንዱ እጅ ክዳኑን ተጭኖ መያዝ አለበት፣ ሌላው ይስባል። ከሥሯ የምትጣበቅበት ጎማ አላት፣ ግን የሚይዘው ለስላሳ ነገር ላይ ነው፤ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ትንሸራተታለች። እሳቸው ክዳኑን መጫን አቃታቸው። እኔ ልጫን፣ እርስዎ ይሳቡ ብለን ለሁለት ከተፍን። ስለዚህ መልሴ፦ ሁለቱም እጅ ደህና ከሆነ ብቻ።

አሁን ስለ ገመዱ። ጥር ላይ፣ ሽንኩርት ላይ እንዳለሁ፣ ጧ ብሎ ተበጠሰ። መያዣው እጄ ላይ ቀረ፣ ክርኔ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተላተመ። ሱቁ ይዣት ስሄድ «ዋስትና የላትም፣ አዲስ ውሰጂ» አለኝ። አዲስ አልወሰድኩም። መንገዴ ላይ ካለው ጫማ ሰፊ ጋ ጎራ አልኩ። ክዳኑን ገልብጦ ሦስት ብሎን ፈታ። ያ ጥቅል ብረት ዘሎ ወጣ፣ እንደ እባብ። ሁለታችንም ደነገጥን። ሦስቴ ጠቅልሎ ሦስቴ አመለጠው፤ በአራተኛው ገባለት። በጫማ መስፊያው ወፍራም የናይለን ክር ተካልኝ። 50 ብር።

ውስጡን ሲያሳየኝ ግን ጥፋቱ የኔ ነበር። ብረቱ ዝጓል። እኔ ክዳኑን ከሳህኑ ጋር አብሬ ገንዳ ውስጥ ስነክር ነው የከረምኩት። ውሃው ገብቶ አይወጣም፤ በኛ ጥር ደግሞ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ የራሰ ገመድ በሁለት ቀንም አይደርቅ። የክዳኑን ሥር በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው እንጂ መንከር የለም። ሌላው፣ ገመዱን ወደ ላይ እየሳብኩ በቀዳዳው ጠርዝ አፋፍቄዋለሁ። ከቀዳዳው ጋር ትክክል፣ ወደ ጎን ነው የሚሳበው። ቢላዋንም አረፋ ውሃ ውስጥ ጥላችሁ በእጅ አትፈልጉ፤ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው።

አዲሱ ክር ሰማያዊ ነው። ከፊተኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ሲመለስም ዳተኛ ነው፣ ግን ሁለት ወር አለፈው። ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የምታዩት ቢላውን አይሁን። ክዳኑን ገልብጡት። ብሎን ካለው ግዙ። ተጣብቆ የተዘጋ ከሆነ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያደቅላችሁ፣ መልሱለት።